መስታወት ማስጻፍ በአዳማ፦ የአንድ ሱቅ አገልግሎት ግምገማ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ከሚገኙት የመኪና ጌጣጌጥ ሱቆች በአንዱ የቤተሰባችንን ቪትዝ መስታወቶችና ስፖኪዮዎች በቅርቡ አስጽፈናል። መስታወት ማስጻፍ፣ ማለትም የመኪናውን መለያ ቁጥር በመስታወቶቹ ላይ ማስጻፍ፣ ለአሽከርካሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ምን ቢጻፍ እንደሚሻል፣ በምን ዘዴ እንደሚጻፍና መኪናው ቢሰረቅ ጽሑፉ ምን እንደሚጠቅም አስቦበት የሚያስጽፍ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ያየሁትን በዝርዝር ማስፈር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሱቁ ደንበኛ እንደደረሰ የሚጠይቀው የታርጋ ቁጥሩን ነው። ይህ በእኔ አስተያየት መታረም አለበት። ታርጋ መኪናው ከንግድ ወደ ግል አገልግሎት ሲቀየር የሚለወጥ፣ ሌባም በደቂቃዎች ውስጥ ፈትቶ የሚጥለው ቆርቆሮ ነው። የሻንሲ ቁጥር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ አካሉ ላይ ተመትቶ፣ ሊብሬው ላይም ሰፍሮ ስለሚገኝ፣ መኪናው ባለቤት ቢቀያይርም አይለወጥም። የሻንሲ ቁጥሩ እንዲጻፍልን ስንጠይቅ ባለሱቁ ሳያንገራግር ተቀብሎናል፤ ፊደሉ ስለሚበዛ ግን ጥቂት ጭማሪ አስከፍሎናል። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ይህ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይገቡበትም። ለጃፓን የውስጥ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ ግን ከሰረዝ በፊት የሞዴል መለያ፣ ከሰረዙ በኋላ ተራ ቁጥር ያለው አጠር ያለ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ማንም ከልምድ ተነስቶ እንዳይጨምርበት ወይም እንዳይቀንስበት ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ያስፈልጋል።

ጽሑፉ መኪና እንዳይሰረቅ አያደርግም። ጥቅሙ የተሰረቀው ዕቃ ገዢ እንዲያጣ ማድረጉ ነው፤ የሌላ ሰው መኪና ቁጥር የተጻፈበትን ስፖኪዮ ገዝቶ መግጠም የሚደፍር ብዙ አይኖርም፤ መኪናውን እንዳለ ለመሸጥ የሚፈልግም መስታወቶቹን ሁሉ ለመቀየር ይገደዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሕግ፣ ስርቆት በሚበዛባቸው ሞዴሎች ላይ ፋብሪካዎች ሞተርን፣ በርንና ኮፈንን በመሳሰሉ ዋና ዋና ክፍሎች ላይ መለያ ቁጥር እንዲያሰፍሩ ያስገደደው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ሠራተኛው መስታወቱን በአልኮል ጠርጎ ካደረቀ በኋላ ፊደላቱ የተቆረጡበትን ስቲከር በመስታወቱ የታችኛ ጥግ ላይ ለጠፈና ነጭ የአሲድ ቅባት በስሱ ቀባበት። ጥቂት ቆይቶ ቅባቱን በውኃ አጥቦ ስቲከሩን ሲልጠው ፊደላቱ በረዶ መስለው ወጡ፤ በጥፍር ቢፋቁም አይለቁም። ይህ ዘዴ በኤሌክትሪክ መቅረጫ ከሚቆፈረው እጅግ ይሻላል፤ ምክንያቱም የጎን መስታወት በሙቀት የጠነከረ በመሆኑ በጥልቀት ከተቆፈረ ሙሉ በሙሉ ሊረግፍ ይችላል። ሠራተኛው ጓንት ማድረጉን ወድጄዋለሁ፤ የዓይን መከላከያ ግን አላደረገም። ቅባቱ ቆዳንም ዓይንንም ክፉኛ የሚጎዳ ስለሆነ፣ ባለሱቁ ለዚህ ወጣት መነጽር ሊገዛለት ይገባል።

ሥራው የተሠራው ደጅ፣ መንገድ ዳር ነው፤ የአዳማን ነፋስና አቧራ የሚያውቅ ሰው ችግሩን አያጣውም። በግራ የኋላ በር መስታወት ላይ ብናኝ ከስቲከሩ ሥር ገብቶ ስለነበር ቅባቱ አለፈና 3 ቁጥር 8 መስላ ወጣች። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ የውበት ጉድለት አይደለም፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ቁጥሩ የሌላ መኪና ይሆናል፤ ከመስታወት ላይ የተበላ ጽሑፍ ደግሞ አይጠፋም። ባለሱቁ ስህተቱን አምኖ የተበላሸውን ከደፈነ በኋላ በሌላኛው ጥግ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በትክክል ጽፎልናል። መኪናው መጀመሪያውኑ መጠለያ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሊብሬውን ያሳየነው እኛው ነን እንጂ የጠየቀን የለም፤ መታወቂያም አልታየም፤ ቁጥሩን ኮፈኑን ከፍቶ አካሉ ላይ ካለው ጋር ያስተያየ ሰውም አልነበረም። በዚህ አሠራር የተሰረቀ መኪና ይዞ የመጣ ሰው የፈለገውን ቁጥር አስጽፎ፣ መኪናውን ሕጋዊ አስመስሎ ሊወጣ ይችላል። ሊብሬ ማየትና የደንበኛውን ስም ከተጻፈው ቁጥር ጋር በመዝገብ መያዝ ከአንድ ደብተር በላይ ወጪ የለውም፤ ሱቁ ይህን እስካልጀመረ ድረስ አገልግሎቱን ሙሉ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ባጃጅ ያላቸው ሰዎች ከፊት መስታወቱ በቀር የሚጻፍበት ቦታ ብዙም አያገኙም። ብረቱ ላይ በመምቻ ማስጻፍን ግን አልመክርም፤ ከዋናው የሻንሲ ቁጥር አጠገብ አዲስ ምት ከታየ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ተነካክቷል የሚል ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ቀለሙ የተላጠበት ብረትም ይዝጋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ያደረገችው፣ ቁጥር የታተመባቸውን በዓይን በቀላሉ የማይለዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በአካሉ ላይ የመርጨት ዘዴ ለብረትም ለፕላስቲክም ይሆናል፤ ይህ ሱቅ ግን አይሠራውም።

ዋጋው ከአንድ ኦሪጅናል ስፖኪዮ መስታወት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሥራውም በጥንቃቄ ሲሠራ ያምራል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሊብሬውን ይዞ ይሂድ፤ ስቲከሩ ከተለጠፈ በኋላ፣ ቅባቱ ከመቀባቱ በፊት ቁጥሩን ራሱ ያንብብ፤ ሲያበቃም እያንዳንዱን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ከሊብሬው ቅጂ ጋር ከመኪናው ውጭ ያስቀምጥ፤ ፖሊስ ዘንድ ለማመልከት የሚያስፈልገው እሱ ነው።