ደሴ ላይ «የተፈጥሮ የተባይ መድኃኒት» የምትገዙ፣ ተጠንቀቁ!

በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠውን ቢጫ ፈሳሽ ታውቁታላችሁ። «ኒም አለው፣ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ሚጥሚጣ አለው፣ ኬሚካል የለውም» የሚባለውን። ከአንድ የዘርና የችግኝ መሸጫ ገዛሁት። የጎመንና የቃሪያ ችግኞቼ ገና ከመደብ ወጥተው መተከላቸው ነበር፤ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ትንሽዬ ተባይ የቅጠሉን ጀርባ ወረረብኝ። ባለሱቁ «አብሽሪ እህቴ፣ ማታ ትረጫለሽ፣ ጠዋት አንድም አታገኚም» አለኝ። 350 ብር ከፈልኩ። እንዳለኝ ማታ ረጨሁ።

የሞተው ችግኙ ነው! ቅጠሉ ከጠርዙ ነጣ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ደረቀ። ከተረፉት ላይ ክሽክሹ አሁንም አለ።

ዛሬ ጠዋት የደረቀውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። የሱቁ ልጅ ከባንኮኒው ኋላ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሏል። ባልዲው አረፋ ለብሷል። አጠገቡ አፉ የተከፈተ የልብስ ሳሙና ዱቄት ከረጢት አለ። ዓይኔ እያየ በጣሳ ዛቀና ጨመረ። አማሰለ። ከላይ ቢጫ ዱቄት በተን አደረገበት፣ እርድ ነው መሰለኝ። ከዚያ ሃይላንዱን መሙላት ጀመረ። ኒም የለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለ፣ ምንም የለ።

«ለእኔ የሸጣችሁልኝ ይሄን ነው?» አልኩ።

ልጁ ባለሱቁን አየው። ባለሱቁ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «ችግኝሽ ቀድሞም በሽተኛ ነበር» አለኝ። አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ሳያየው በእጁ ጀርባ ገፍቶ መሬት ጣለው። «ሂጂ እስቲ፣ ሥራ አታስፈቺን። ለአምስት እግር ጎመን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

ልጁ ሳቀ። ወላሂ፣ ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ያ ሳቅ ነው። እኔ ያን ጎመን ከዘር ጀምሬ ነው ያሳደግኩት። የቤቴ ወጥ ነው።

የልብስ ሳሙና ዱቄት ቅጠሉን የሚጠብቀውን ሰም ይገፍፋል፣ ለጋ ችግኝ አይችለውም። እውነተኛ ኒም ቢሆን እንኳ የዛፉ ፍሬ ተወቅጦ፣ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ተጣርቶ ቶሎ ይረጫል እንጂ መስኮት ላይ ተደርድሮ አይከርምም። ፀሐይ ኃይሉን ይጨርሰዋል። ይሄን አያውቁም እንዳትሉኝ፤ ዘር የሚሸጡ ሰዎች ናቸው!

ክሽክሽ ገና ሲጀምር ውሃ በኃይል እየረጫችሁ ከቅጠሉ ጀርባ አራግፉት። ሌላ ነገር ካዘጋጃችሁ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና አሳድሩት። ከዚሁ ሱቅ ገዝታችሁ ችግኝ የደረቀባችሁ ካላችሁ ደግሞ ጠርሙሱን አትጣሉት፣ በውስጥ አናግሩኝ። ንግድ ጽሕፈት ቤት ብቻዬን ከምሄድ አብረን ብንሄድ ይሻላል።