የቱን ልግዛ? ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚምታቱ የቆዳ፣ የኢንፌክሽንና የአለርጂ መድሃኒቶች ጎን ለጎን

"ጠንከር ያለ የለሽም?" የሚለውን ጥያቄ ፋርማሲ ውስጥ የሚሰራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለሚያሳክክ ቆዳም፣ ለጉሮሮም፣ ለአለርጂም ያው አንድ ጥያቄ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጠንካራውና ደካማው አይደለም የሚለያየው፣ መድሃኒቶቹ ስራቸው ጭራሽ ሌላ ነው፣ ለዚህኛው የሚያድነው ያኛውን ያባብሰዋል። ስለዚህ በብዛት የሚምታቱትን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ሐኪም አይተካም ይሄ፣ በተለይ አንቲባዮቲኮቹ በማዘዣ ነው የሚሸጡት፣ ግን ቢያንስ ምን እንደምትገዙ እወቁ።

ከቆዳ እንጀምር፣ ትልቁ ጉድ ያለው እዚያ ነው።

ክሎትሪማዞል፣ ቤታሜታዞን እና "ሶስት በአንድ"

ክሎትሪማዞል 1% ክሬም ፈንገስ ነው የሚያጠፋው። ጭርት ማለት ያ ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ የሚላላጠው መሃሉ ደግሞ እየጠራ የሚሄደው፣ የእግር ጣት መሃል የሚነጣውና የሚሸተው፣ ብሽሽት ላይ የሚወጣው፣ ለነዚህ ነው። በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ ይቀባል፣ ከዳሩ ትንሽ አልፎ ጤነኛው ቆዳ ላይም፣ እና ቁስሉ ጠፋ ብላችሁ ካሰባችሁ በኋላ ሌላ 2 ሳምንት ትቀጥላላችሁ። ዋጋው ቀላል ነው፣ ለነፍሰ ጡርም ቆዳ ላይ ለመቀባት ችግር የለውም። ጉድለቱ ማሳከኩን ቶሎ አያቆምም፣ ሰው በ3ኛው ቀን "አልሰራልኝም" ብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ፈንገስ አይገድልም፣ ባክቴሪያም አይገድልም፣ የሚያደርገው የቆዳውን ቁጣ ማብረድ ነው። ለችፌ፣ ዕቃ ማጠቢያ ወይ ሽቶ ወይ የሰዓት ማሰሪያ ለቆጣው ቆዳ ጥሩ ነው፣ በ2 ቀን ውስጥ ማሳከኩን ቀጥ ያደርገዋል። ጭርት ላይ ከተቀባ ግን ጉድ ነው። ማሳከኩና ቅላቱ ይጠፋል፣ እናንተ ዳነ ትላላችሁ፣ ፈንገሱ ግን የሚታገለው የሰውነት መከላከያ ስለበረደለት ተመችቶት ይሰፋል፣ ክሬሙን ስታቆሙ ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል፣ መልሳችሁ ትቀባላችሁ። እንዲህ ወራት የከረመ ጭርት ክብ ቅርጹን ስለሚያጣ ሐኪም እንኳን ሲያየው ጭርት መሆኑን ለመለየት ይቸገራል።

"ሶስት በአንድ" የምንለው ደግሞ ፀረ ፈንገስ፣ ስቴሮይድ እና አንቲባዮቲክ (ጄንታማይሲን ወይ ኒዮማይሲን) አንድ ቱቦ ውስጥ የገቡበት ነው። ሰው የሚወደው ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም በሽታውን ባታውቀውም አንዱ ይመታዋል ብሎ ያስባል፣ ያስኬዳል እንዴ? አያስኬድም። ውስጡ ያለው ስቴሮይድ ብዙ ጊዜ ጠንካራው ዓይነት ነው፣ የማያስፈልግ አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያን ማለማመድ ነው፣ ኒዮማይሲን ራሱ ብዙ ሰው ላይ የቆዳ አለርጂ ያስነሳል። አንዲት እናት ባዶ ቱቦ ይዘው መጥተው "ይቺን ድገሚልኝ የኔ ልጅ" ይላሉ። "ለማን ነው እናቴ?" "ለልጅ ልጄ፣ ጭንቅላቱ ላይ ቆረቆር ይዞት፣ ሲቀባ ደህና ይሆንና ይመለሳል።" ቱቦው እስከ ጫፉ ተጠቅልሎ ተጨምቋል። የራስ ቆረቆር በየትኛውም ቅባት አይድንም፣ ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ስር ውስጥ ስለሆነ ቅባት አይደርስበትም፣ የሚዋጥ ነው የሚፈልገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግሪሲዮፉልቪን፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ የተሻለ ይሰራል። መጠኑ በልጁ ኪሎ ስለሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

ቱቦ ስታነሱ የንግድ ስሙን ተዉትና ከስሩ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ቅባት ላይ መጨረሻው "ሶን" ወይም "ዞን" የሆነ (ቤታሜታዞን፣ ሞሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ዴክሳሜታሶን) ስቴሮይድ ነው፣ "ናዞል" ወይም "ማዞል" የሚል (ሚኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ ክሎትሪማዞል) ፀረ ፈንገስ ነው። ከዚህ ከሚያመልጡት አንዱ ክሎቤታሶል ነው፣ እሱም ስቴሮይድ ነው፣ ያውም የሁሉም አለቃ።

ስቴሮይዶቹ እርስ በርስ

ሃይድሮኮርቲሶን 1%፦ ለስላሳው። ፊት ላይ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ህጻናት ላይ ስቴሮይድ የግድ ከሆነ ይሄ ነው፣ ለጥቂት ቀን። ቤታሜታዞን 0.1%፦ ለእጅ፣ ለእግር፣ ለጀርባ። ክሎቤታሶል 0.05%፦ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ለወፈረ ቆዳ፣ ሐኪም ሲያዝ ብቻ፣ በተከታታይ ከ2 ሳምንት በላይ አይሄድም፣ በሳምንትም ከ50 ግራም አይበልጥም።

አሁን ችግሩ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ፊት ለማጥራት እየተገዙ መሆናቸው ነው፣ በተለይ ሰርግ ሲቃረብ። እውነት ነው መጀመሪያ ያጠራል፣ ማድያቱም ፈዘዝ ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን ቀይ ደም ስር ይታያል፣ ቡግር ይወጣል፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ሲቆም ደግሞ ፊቱ ቀልቶ ያቃጥላል፣ ያንን ለማስታገስ መልሶ መቀባት ይመጣል። በየኮስሞቲክስ ሱቁ የሚሸጡ ማቅያ ክሬሞችም ውስጣቸው ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል፣ መለያ ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ። ለማድያት ከገንዘባችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ለፀሐይ መከላከያ ነው፣ ያለሱ የትኛውም ክሬም አይዘልቅም።

ለቋቁቻ፣ ለጭርት፦ ርካሹ ወይስ ፈጣኑ

ቴርቢናፊን ክሬም ከክሎትሪማዞል ይወደዳል ግን ጭርትንና የእግር ፈንገስን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይጨርሳል። መቀባት የሚሰለቸው ሰው (ወንዶች እናንተን ነው) ቴርቢናፊን ይግዛ፣ ጊዜ ያለው ክሎትሪማዞል ይበቃዋል። ዊትፊልድ ቅባትም አለ፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ይሰራል፣ ግን ያቃጥላል፣ ፊትና ብሽሽት ላይ አታስቡት።

ቋቁቻ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ክሬም አያዋጣም፣ ቱቦው በሁለት ቀን ያልቃል። ኬቶኮናዞል 2% ሻምፖ ደረትና ጀርባ ላይ ተቀብቶ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፣ በቀን 1 ጊዜ ለ5 ቀን ያህል። ሴሌኒየም ሰልፋይድ 2.5% 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፣ ለ7 ቀን፣ ሽታው አይወደድም ግን አማራጭ ነው። እና ይሄን ስሙኝ፣ ፈንገሱ ከሞተ በኋላ ቆዳው ቀለሙን ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል፣ ነጣ ያለው ነጥብ ስላለ ብቻ አልዳንኩም ብላችሁ ሌላ መድሃኒት አትግዙ። በጣት ሲፋቅ ዱቄት የሚመስል ነገር ካልረገፈ ብዙውን ጊዜ ፈንገሱ ሄዷል።

የኬቶኮናዞል ኪኒን ግን ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓም የአሜሪካም የመድሃኒት ተቆጣጣሪዎች ጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት አጠቃቀሙን ገድበውታል። ሻምፖውና ክሬሙ ይሄ ስጋት የለባቸውም።

እከክ

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ አማራና ትግራይ ውስጥ እንዴት እንደተዛመተ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ውሃ በጠፋበትና ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ሁሉ አለ። ማታ የሚብስ፣ ጣት መሃልና አንጓ ላይ የሚጀምር፣ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚያሳክከው ከሆነ እከክን ጠርጥሩ።

ፐርሜትሪን 5% ምርጡ ነው፦ ከአንገት በታች ሙሉ ገላ ማታ ተቀብቶ ጠዋት ይታጠባል፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ቢቢኤል (ቤንዚል ቤንዞኤት 25%) ርካሽና በየቦታው ያለ ነው፣ ግን ያቃጥላል፣ በተከታታይ ቀናት ይደጋገማል፣ ለህጻን ሳይቀጠን አይቀባም። የሰልፈር ቅባት ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ሆኖም ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ የሚታመን ነው። አይቨርሜክቲን ኪኒን በኪሎ ተሰልቶ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፣ ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። የቱንም ብትገዙ ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ማሳከኩ ከህክምናው በኋላም 2 ሳምንት እና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ተባዩ አልሞተም ብላችሁ በላይ በላይ አትቀቡ።

አሞክሲሲሊን፣ ኦግመንቲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮ

አራቱም አንቲባዮቲክ ናቸው፣ የሚገድሉት ባክቴሪያ ነው፣ ለጉንፋን አንዳቸውም አይሆኑም። ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መዘጋት አብሮ ካለ ጉሮሮ ህመሙ በአብዛኛው ቫይረስ ነው። ሳል ሳይኖር ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ ነጭ መግልና አንገት ላይ የሚያም እብጠት ካለ ግን ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ልጅ ከሆነ ቸል አይባልም፣ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው፣ ሀገራችን ውስጥ ስንት ወጣት በዚህ የልብ ህመም እንደሚሰቃይ የልብ ክሊኒኮችን ማየት ይበቃል።

ሰው ኦግመንቲንን የአሞክሲሲሊን ታላቅ ወንድም አድርጎ ነው የሚያየው። 625 የሚባለው ውስጡ 500 ሚ.ግ. አሞክሲሲሊን እና 125 ሚ.ግ. ክላቩላኒክ አሲድ ነው። ክላቩላኒኩ የሚያስፈልገው አሞክሲሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ላላቸው ባክቴሪያዎች ነው፣ ጉሮሮ ላይ የምንፈራው ስትሬፕቶኮከስ ደግሞ ያንን ኢንዛይም አይሰራም። ስለዚህ ለሱ ኦግመንቲን መግዛት ተጨማሪ ብር ከፍሎ ተቅማጥ መጨመር ነው። ለውሻ ንክሻ፣ ለከረመ የሳይነስ ኢንፌክሽን፣ ያኔ ቦታው ነው።

አዚትሮማይሲን በ3 ቀን ስለሚያልቅ ይወደዳል፣ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው መውጫ ነው፣ የልብ ምት ችግር ላለበት ግን ለሐኪም ሳይነግር አይሆንም። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) ለጉሮሮ ጭራሽ አይደለም። ጅማት ሊያቆስል እስከ መበጠስም ሊያደርስ ይችላል፣ የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ አማራጭ ካለ ለቀላል የሽንት ቱቦና የሳይነስ ኢንፌክሽን አትስጡት ብሎ አስጠንቅቋል። ከወተት፣ ከእርጎ፣ ከአይረንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም።

ፔኒሲሊን አይስማማኝም የምትሉ፣ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ኦግመንቲን ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ስማቸው ስለተለያየ አትሸወዱ። ባክትሪም (ኮትሪሞክሳዞል) ውጣችሁ አፋችሁ ከላላጠ ወይ ቆዳችሁ ከቆሰለ ደግሞ እድሜ ልካችሁን አትድገሙት፣ ስሙን ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ።

አለርጂ፦ ሲትሪዚን፣ ሎራታዲን፣ ክሎርፌኒራሚን

አጭር ነው ይሄ። ሲትሪዚን 10 ሚ.ግ. በቀን 1፣ ቶሎ ይሰራል፣ ለቆዳ ቁጣ በጣም ጥሩ ነው፣ የተወሰነ ሰው ያንቀላፋዋል፣ ማታ ውሰዱት። ሎራታዲን 10 ሚ.ግ. በቀን 1፣ እንቅልፉ ያነሰ ነው፣ ሾፌር ከሆናችሁ ወይ ፈተና ካለባችሁ እሱን። ክሎርፌኒራሚን ርካሹ ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይወሰዳል፣ ያስተኛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ፕሮስቴት ያለባቸው አባቶች ሽንት ሊዘጋባቸው ይችላል፣ በየጉንፋን መድሃኒቱ ውስጥም ተደብቆ ስላለ ሳታውቁት ደርባችሁ ልትወስዱ ትችላላችሁ። ፕሮሜታዚን ሽሮፕ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክልክል ነው፣ ትንፋሽ ይይዛል፣ "ልጁ እንዲተኛልኝ" ብላችሁ አትጠይቁን።

ፊት አብጦ፣ ድምፅ ጎርንኖ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን የአለርጂ ኪኒን አይደለም የሚያስፈልገው፣ አድሬናሊን መርፌ ነው፣ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ ለሚያስነጥሳችሁ ደግሞ፣ አፍንጫ የሚከፍተው ጠብታ (ዛይሎሜታዞሊን) በደቂቃ ይከፍታል ግን ከ5 ቀን በላይ ከሆነ ራሱ መዝጋት ይጀምራል። የስቴሮይድ ስፕሬይ ለመስራት ቀናት ይወስዳል፣ ግን ወቅቱን ሙሉ የሚያሻግራችሁ እሱ ነው።

የሚያሳክክ ዓይን ላይ ዴክሳሜታሶን ጠብታ በጣም ይፈለጋል፣ ቅላቱን ወዲያው ስለሚያጠፋ። ለወራት ሲቀጥል የዓይን ግፊት ያስነሳል፣ የዓይን ሞራም ያመጣል፣ ከግፊቱ የጠፋ እይታ ደግሞ አይመለስም። ሶዲየም ክሮሞግላይኬት ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው፣ በቀን 4 ጊዜ ይጨመራል፣ ኦሎፓታዲን በቀን 2 ጊዜ ይበቃል ግን ዋጋው ከፍ ይላል። ለልጅ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን ጠይቁ፣ ዴክሳሜታሶኑ የዓይን ሐኪም እየለካ ለሚያዘው ይቅር። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ከ4 ሳምንት በኋላ ቢተርፍም ይጣላል።