ለዐይነ ስውር ተጓዥና ለአብሮ ተጓዡ የቀረበ የላሊበላ ጉብኝት፦ አገልግሎቱ እንዴት ነበር?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ላሊበላን የሚያስጎበኘው ይህ የጉዞ ድርጅት ምርጥ አስጎብኚ መድቦልናል፤ የቢሮው አሠራር ግን አጥብቆ መታረም አለበት። እኔ ዐይነ ስውር ነኝ፤ አብራኝ የተጓዘችው እኅቴ ታያለች።

የላሊበላ ተወላጅ የሆነው አስጎብኚ ገና ሲቀበለን «ጋሼ፣ የእኔን ክንድ ይይዛሉ ወይስ የእኅትዎን?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። ደረጃ ከመርገጤ በፊት ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ የትኛው እንደተሸረሸረም ይነግረኝ ነበር። ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ያህል ርዝመት እንዳለው ነግሮኝ ብቻ አላለፈም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሮኝ ተራመደ። በቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ የመሠረቱን እርከን በበትሬ እየተከተልኩ እንድዞር አደረገኝ፤ ስምንት ጊዜ ወደ ውጭ፣ አራት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን ማዕዘን ጨርሼ ስመለስ የመስቀሉን ቅርጽ ማንም ሳይገልጽልኝ ዐወቅሁት። በዙሪያው ባለው የአለት ግድግዳ ላይም የመጥረቢያውን ምልክት በጣቴ አገኘሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው እኅቴን ስላሳረፋት ነው። ከእኔ ጋር የሚጓዝ ሰው ዐይኑ እግሬ ላይ ተተክሎ ይውላልና የመጣበትን ነገር ሳያይ ይመለሳል። እኔ የአስጎብኚውን ክንድ ስይዝ ግን እርሷ ቀና ብላ የቤተ ማርያምን የጣሪያ ሥዕሎች በእርጋታ ማየት ቻለች፤ ያየችውንም ደክሟት ሳይሆን ደስ ብሏት ተረከችልኝ።

ቢሮው ይህ አልገባውም። ሠራተኛዋ እኔ ፊቷ ተቀምጬ እኅቴን «ምሳ ምን ይበላል?» አለቻት። ዓይነ ስውር ሊቃውንት ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ በኖሩበት አገር ይህ በእውነት ያሳዝናል። አብሮ ተጓዧም የምትሰጠው አገልግሎት ሳይታሰብላት ሙሉ ዋጋ ከፍላለች። ዐይነ ስውሩ አማር ላቲፍ በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የመሠረተው ትራቭልአይስ የተባለ የጉዞ ድርጅት የሚያዩ ተጓዦችን በቅናሽ ዋጋ ይወስዳል፤ በየዕለቱም ከተለያየ ዐይነ ስውር ተጓዥ ጋር ስለሚያጣምራቸው ድካሙ በአንድ ሰው ላይ አይወድቅም። የእኛም ድርጅቶች ቢያንስ ቅናሹን ሊጀምሩት ይችላሉ።

ጉብኝቱን እመክራለሁ፤ ሆኖም ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የሚመደበው አስጎብኚ ዐይነ ስውር መምራት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። በየቤተ ክርስቲያኑ ጫማ ስለሚወለቅና ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነም ወፍራም ካልሲ ያዙ።