የእናቴን እጅ ላሠራልን ልጅ

በባሕር ዳር ቤት ድረስ እየመጣ የሚሠራ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

እናቴ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ በተነሳው ቦይንግ 737 ተሳፍራ ነበር። አውሮፕላኑ ከመሬት እንደለቀቀ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ለማረፍ ዞሮ ሲመለስ ሞተሮቹ ጠፉ፤ ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። እናቴ ብትተርፍም የተቃጠሉት የቀኝ እጇ ጣቶች እንደታጠፉ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ቡናውም እንጀራውም በግራ ነው። አዲስ አበባ ስትሄድ የአባይ በረሃን በአውቶቡስ ወርዳ ትወጣለች እንጂ አውሮፕላን አትሳፈርም።

ዘንድሮ ክረምት አዳልጧት ያው ግራ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታላት «ቀስ እያለ ይለቃል» ብለው ሸኙን። አልለቀቀም። ስኒ ማንሳት አቃታት፤ «አሁንስ ሁለቱንም አጣሁ» ብላ ስታለቅስ ነው ልጁን የጠራነው።

ራጁን ሳያይ እጇን አልነካም። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስቀርቦ ያስነክራታል፣ አንጓዋን ቀስ አድርጎ ያጥፋል፣ ከዚያ የዳቦ ሊጥ ያስጨብጣታል። «እማማ፣ ከትናንቱ ትንሽ ጠበቅ» ይላታል። የቀኙን ሲያይ ደግሞ «ይህ በእኔ አይፈታም፣ የቀዶ ጥገና ሐኪም ይየው» አለን። ገንዘባችንን በከንቱ መብላት ይችል ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ሁለተኛ ቀን ነው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እናቴ ሊጡን ጨምድዳ ዝም አለች። እሱም እጇን እንደያዘ ዝም አለ። «አይዞሽ፣ ምንም የለም» አላለም፤ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ «ምን ሆነሽ ነው እማማ?» ሲላት ለእኛ ለልጆቿ እንኳ አውጥታ የማታውቀውን ነገረችው፤ ርግቦቹ ሞተሩ ላይ ሲመቱ የሰማችውን ድምፅ ሳይቀር። በማግስቱ ደውሎ ቀጠሮውን አውሮፕላን ወደማይበዛበት ማለዳ አዞረልን።

እሑድ ጀበናውን በግራ እጇ አንስታ ራሷ ቀዳች። የመጀመሪያው ስኒ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሁለተኛው ልክ ሆነ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል፤ ቤተሰቡ እንቅስቃሴውን ሲለምድ ደግሞ ቀኑን ራሱ ይቀንሳል። ሽምብጥም ሆነ ሌላ ሰፈር ያላችሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ እሱን ጠይቄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።