ከደሴ ተነሥቶ ደሴት ለማየት፦ ደቅ ወይስ ቱሉ ጉዶ?

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በውኃ የተከበበ ገጠር ማየት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ሐይቅን ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ነገር ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ቀድሞ ደሴት የነበረ ቢሆንም ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር የሚገባበት ሆኗል፤ ወደ ወንዶቹ ገዳምም ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ ገበሬ የሚኖርበትን፣ በጀልባ ካልሆነ የማይደረስበትን ደሴት ለሚሻ ሰው ምርጫው በጣና ላይ ባለው ደቅና በዝዋይ ሐይቅ ላይ ባለው ቱሉ ጉዶ መካከል ይሆናል።

በየብሱ ጉዞ ደቅ ይሻላል። ከደሴ በውጫሌ፣ በመርሳና በወልድያ አልፎ፣ ከዚያም በጋሸና፣ በንፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ ዞሮ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቀጥታ መኪና ከተገኘና ንጋት ላይ ከተነሡ በአንድ ቀን ያልቃል። ወደ ዝዋይ የሚሄድ ሰው ግን አዲስ አበባ ማደሩ አይቀርም፤ 400 ኪሎ ሜትሩን በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር አድርጎ ላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል፣ በማግስቱ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ይደርሳል። የኮምቦልቻ ነዋሪ በአዲስ አበባው አቅጣጫ ከደሴ ተሳፋሪ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርበዋል፤ በወልድያው አቅጣጫ ደግሞ ያንኑ ያህል ይጨምርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ሁለቱም መንገዶች የሚዘጉባቸው ቀናት ስላሉ፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት በዋዜማው ከመናኸሪያ ሾፌሮችን መጠየቅ ግድ ነው።

በውኃው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከባቱ ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲወስድ፣ ከባሕር ዳር ደቅ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሁለቱም ሐይቆች ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ውኃ ያን ጊዜ ጀልባውን ስለሚያንገላታ፣ ማለዳ መነሣት ለሕፃናትና ለሚያጥወለውላቸው ሰዎች በእጅጉ ይጠቅማል።

የጀልባ ዋጋ የሚወሰነው በኮንትራት ነው። ባቱ ላይ ከአንድ ባለጀልባ ጋር ዋጋ ስንስማማ ቆሞ የሚጠብቅበትን ሰዓት ሳናነሣ በመቅረታችን፣ ስንመለስ ተጨማሪ ተጠይቀን ከመክፈል በቀር ምርጫ አልነበረንም። ደርሶ መልሱን፣ የሚቆምበትን ሰዓትና ነዳጁን በአንድ ዋጋ አስገብቶ መነጋገር፣ የሕይወት አድን ጃኬቱንም ከመሳፈር በፊት በዐይን ማየት ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ኮንትራት ብቸኛው አማራጭ አይደለም፤ የደቅ ሰዎች የሚሳፈሩበት የሕዝብ ጀልባ አለ። ዋጋው ቀላል ቢሆንም በየቀኑ ስለማይመላለስ፣ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቀን ከወደቡ አስቀድሞ አረጋግጦ ደሴቱ ላይ ለማደር መዘጋጀት ይገባል።

እኔ ደቅን የማስበልጠው በዚህ ጀልባ ምክንያት ነው። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ኩንታሉን ተደግፈው ተቀምጠው፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ከወንበር ሥር ተኝታ፣ ማን እንደታመመና ማን እንደዳረ እየተወራ ሦስቱ ሰዓት ያልቃል፤ ከመውረዳችን በፊት የሚያሳድረን ሰው ተገኝቶ ነበር። ደሴቱ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማሳ ለማሳ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። በየዳርቻው ውኃ የጠጣውን የደንገል ታንኳ ከዛፍ ላይ አቁመው ሲያደርቁት ይታያል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚያው ደቅ ላይ ስትሆን ሴቶችም ይገቡባታል። የዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያለበት የጎረቤቱ ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት አብረው ከሄዱ ጉዞውን በናርጋ ዙሪያ ቢያቅዱ ይሻላል።

ቱሉ ጉዶ በስፋት ከደቅ ያንሳል፤ የራሱ የሆነ ነገር ግን አለው። የዛይ ሕዝብ ከሴማዊ ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን የራሱን ቋንቋ እየተናገረ፣ ኮረብታውን በእርከን እያረሰና ዓሣ እያሠገረ ይኖርበታል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችው ደብረ ጽዮን ተብሎም በሚጠራው በዚሁ ደሴት ላይ ነው። ወደ ኮረብታው ሲወጡ ሌሎቹ ደሴቶች ከታች ይታያሉ፤ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ለመመለስም ይመቻል።

ስለዚህ አምስት ቀን ያለውና በሰው ቤት ማደር የማይከብደው ሰው ደቅን ይምረጥ። ትንንሽ ልጆች የያዘ ቤተሰብ፣ ወይም ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ የሚወርድ የኮምቦልቻ ሰው ቱሉ ጉዶን ቢመርጥ ይቀለዋል። በሁለቱም ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ፣ ከጀልባ ሲወርዱ እግርን ውኃ ውስጥ ሳይነክሩ ሳንቃ ተዘርግቶ እንዲሻገሩ ባለጀልባውን ይጠይቁት።