የእማማን መጨማደድ መልስልኝ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ የክረምት ካርኒቫሉን ፎቶ አነሳለሁ። ከበረዶ የተጠረበ ቅርጽ፣ የማታ ችቦ ሰልፍ፣ ባትሪ እንዳይሞትብኝ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ መሮጥ። ካርኒቫሉ የተጀመረው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችውም በዚያው ዓመት ነው። ዘንድሮ «እስቲ እኩያውን ላንሳ» አልኩና ትኬት ቆረጥኩ። ከገና በፊት ገብቼ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወጣሁ። አንድ ወዳጄም ካፌው ግድግዳ ላይ ስድስት ፎቶ እንድሰቅል ጋብዞኝ ነበር። ካሜራ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይጠቅም እንደሆን የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልጻፍ።

«ክረምቱን አገር ቤት ነኝ» ስል የአክስቴ ልጅ «በዝናብ ምን ልታነሺ?» አለችኝ። አፌ የሚኒሶታን ክረምት ለምዶ ነው እንጂ እዚህ በጋ ነው። በጋ ሲባል ግን እንዳትሸወዱ። ሚኒሶታ ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ቢሆንም ቤት ውስጥ በቲሸርት ነው የምውለው። አዲስ አበባ ቤት የሚያሞቅ ነገር የለም። የታኅሣሥ ብርድ አብሮ ይተኛል፣ አብሮ ይነሳል።

ያረፍኩት ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለች ትንሽ ገስት ሃውስ ነው። ዋይፋዩ ሲያሻው ይመጣል፣ ሻወሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል። ባለቤቷ ግን መጀመሪያ ማታ ስንቀጠቀጥ አይተው ጋቢ ደረቡልኝ። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው «እግርሽ ሥር አድርጊው የኔ ልጅ» አሉኝ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም። ዋይፋዩን ይቅር ብያለሁ።

ስድስት ኪሎን የመረጥኩት በእግሬ ለመሥራት ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ቁልቁል ነው፣ ጃን ሜዳም ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በጃንሆይ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ደጁ ላይ ጣሊያን የሠራው ደረጃ አለ፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲወድቅበት ሌላ መብራት አይፈልግም። ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍኩት ግን ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ነው። ሠዓሊውና ገጣሚው በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ በስደት ነው ያረፈው። ከጀርመን የተመለሱ ሥዕሎቹ እዚህ አሉ። ከውጭ የመጣ ሰው ብቻውን ሊያያቸው ይገባል። እኔ ካሜራዬን ከቦርሳ አላወጣሁም።

ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ ቦታ ደግሞ ትኬት ቆራጯ ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ገልብጣ ገልብጣ አየችና የውጭ ዜጋ ዋጋ አስከፈለችኝ። ብሩ አይደለም የቆጨኝ። በአማርኛ እየተከራከርኳት በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልስልኝ።

ወደ ሕትመቱ ልምጣ። ፎቶ ቤት ሲባል ለእኔ ፒያሳ ነው፤ እናቴ የሠርጓን ፎቶ የተነሳችው እዚያ ነበር። ብፈልገው ቦታው ራሱ ጠፋኝ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲመጣ አብዛኛው ሰፈር ፈርሷል። ሰው ጠይቄ ሌላ ሰፈር አንድ ማተሚያ አገኘሁ። ስድስቱን ፎቶ በፍላሽ ሰጥቼ በሁለት ቀን ተመለስኩ። ወረቀቱ ጥሩ፣ ጥቁሩ ጥቁር። አራተኛው ላይ ስደርስ ግን ደነገጥኩ።

በገና ሌሊት፣ የ43 ቀኑ ጾም ሊፈታ ሲል፣ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ያነሳኋቸው እማማ ናቸው። ጧፍ ይዘዋል። የፎቶው ነገር በሙሉ የጧፉ ብርሃን ፊታቸው ላይ ባለው መስመር ሁሉ ሲገባ ነበር። የታተመው ላይ መስመር የለም። ግንባራቸው እንደ ሸክላ ምጣድ ተወልውሏል። የሰባ ዓመት ሴት የሠላሳ ዓመት ጉንጭ ተሰጥቷቸዋል።

«ምን ሆኑ?» አልኩት ልጁን።
«አሳመርኩልሽ። ቆዳውን አጥርቼ፣ ትንሽም ቀላ አድርጌያቸዋለሁ። በነፃ ነው።»
«መጨማደዳቸውን መልስልኝ።»
«እህቴ፣ እናትሽ አይደሉም እንዴ? እንዲህ ሆነው ቢታዩ አይሻልም?»

ሃያ ደቂቃ ተከራከርን። ሌሎቹን ደንበኞች ወደ ዳኝነት ጠራቸው፤ ሁሉም ለእሱ ፈረዱ። በመጨረሻ «እንደ ፍላጎትሽ» ብሎ አዲስ አተመልኝ፣ ሳንቲም ሳይጨምር። ሥራው ንጹሕ፣ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ፍላሹን ስትሰጡ ግን «ምንም እንዳትነካ» ብላችሁ በወረቀት ጻፉለት።

ልብስ ሰፊዬን በተመለከተ አጭር ነኝ። ሽሮ ሜዳ ለጥምቀት ቀሚስ አዘዝኩ። ቀጠሮው ጥር 9 ነበር፣ ቀሚሱ የደረሰው ጥር 12። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ጥልፉ ስላማረ አልበጣጠስኩትም።

ትራንስፖርት? በአብዛኛው በስልክ በሚጠሩት ታክሲዎች፣ በራይድና በፈረስ ሄድኩ፣ በቴሌብር ከፈልኩ፣ ችግር አልገጠመኝም። በከተራ ዕለት አንዱ ሾፌር አራት ኪሎ ላይ ሞተሩን አጠፋ። «እናት፣ ከዚህ በላይ አልሄድም፣ ታቦት እየመጣ ነው» አለ። ሂሳቡንም ዘግቶ ወርዶ ቆመ። እኔም ወርጄ ቆምኩ፣ ከዚያ በእግሬ ቀጠልኩ። ድሮን ላመጣ አስቤ ነበር፣ ያለ ፈቃድ እንደማይገባ ሰምቼ ትቼዋለሁ። እናንተም ተዉት።

ጥር 11፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጃን ሜዳ ደረስኩ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ለብሻለሁ። ቅዳሴው ይሰማኛል፣ ግን ከፊቴ ያለው ሁሉ ነጠላና ጀርባ ነው። ቁመቴ አይረዳኝም። አንድ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ሊስትሮ ችግሬ ገባው። ሳጥኑን አወረደና «መቶ ብር፣ እስኪረጭ ድረስ» አለኝ። ወጣሁበት። ሳጥኑ ሲወዛወዝ የቀሚሴን ጠርዝ ይዞልኛል፣ ሰው ሲገፋኝ «ቀስ! ጋዜጠኛ ናት!» ይላል። አይደለሁም፣ ግን አላረምኩትም። ሲነጋ ውኃው ተባርኮ መርጨት ሲጀመር፣ በጭንቅላቱ በላይ የጉዞዬን ምርጥ ፎቶ አነሳሁ። ሃያ አምስት ዓመት ካሜራ ስይዝ እንዲህ ያለ ረዳት አላገኘሁም።

እሱንም አነሳሁት፤ ፀጉሩ ላይ የውኃ ጠብታ እንዳለ፣ ሳጥኑን አቅፎ። ማተሚያ ቤቱ ሄጄ «ምንም እንዳትነካ» አልኩ። ልጁ ሳቀና እንዳለ አተመው። በሦስተኛው ቀን ስድስት ኪሎ፣ ሰማዕታት ሐውልቱ አጠገብ ጫማ ሲጠርግ አገኘሁትና ሰጠሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ተቀበለኝ። ብዙ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ፦

«አሪፍ ነው። ፊቴን ትንሽ ጠራ ማድረግ አይቻልም?»