ለክረምት አስፋልት የቱ ጎማ ይሻላል? ባለ ትልልቅ ጥርሱ ወይስ የአስፋልቱ?

ግንቦት ሲጋመስ ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል፤ «ለራቭ ፎር ምን ጎማ ልግዛ?» ወንድሜ ጠየቀኝ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጠየቁኝ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቪታራ የገዛች የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ ጎማ ተራ፣ ሻጩ አጠገቧ እንደቆመ ደወለችልኝ። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ስለሆነ ከነሒሳቡ ልጻፈው። መኪናችሁ አብዛኛውን ጊዜ በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚውል ከሆነ መካከለኛ ዋጋ ያለውን፣ በቅርቡ የተመረተውን የኮሪያ የአስፋልት ጎማ ግዙ። ባለ ትልልቅ ጥርሱን ለገጠር መንገድ ተዉት።

እዚህ ውሳኔ ላይ ያደረሰኝ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው። ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ የበጋውን አቧራና የፈሰሰ ዘይት ገና አጥቦ አልጨረሰም። ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊያወርድ ድንገት ቆመ። ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ መኪናው ግን ቁልቁል መንሸራተቱን ቀጠለ። የቆመው ለሚኒባሱ አንድ ክንድ ሲቀረው ነው። በማግስቱ የሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ ሄድሁ። ሽማግሌው ጎማውን ፈትተው ገለበጡትና ከውስጥ በኩል፣ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፈ 1415 የሚል ቁጥር አሳዩኝ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015፣ በ14ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። እኔ ደግሞ «አዲስ» ተብሎ የገዛሁት በዚያው አቆጣጠር በ2022 ነው። «ልጄ፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ላስቲኩ ግን ደርቋል» አሉኝና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አደረጉት። ጥፍራቸው ምልክት እንኳን አልተወበትም። ቀኑን የያዘው ሙሉው የዶት ቁጥር (DOT በሚሉ ፊደላት የሚጀምረው መለያ) በጎማው አንድ ጎን ብቻ ታትሞ ሊገኝ ስለሚችል፣ የሸጠልኝ ሰው ያንን ጎን ወደ ውስጥ አዙሮ አስገጥሞልኝ ነበር። ስለዚህ ጎማው ቸርኬ ላይ ሳይገባ ሁለቱንም ጎን እዩ፤ አራቱንም አንድ በአንድ።

አሁን ወደ ዋጋው። ዘንድሮ ግንቦት በ225/65/17 ልክ ሦስት ሱቅ ዞሬ ጠይቄያለሁ። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ርካሹ የአስፋልት ጎማ አንዱ 13,000 ብር፣ የኮሪያው 21,000፣ የጃፓኑ 29,000፣ ስም ያለው ባለ ትልልቅ ጥርሱ ደግሞ 30,000 ብር ተባልሁ። ለአራት ጎማ ሲሰላ 52,000፣ 84,000፣ 116,000 እና 120,000 ብር ይመጣል። ይህን ያየ ሰው ወደ ርካሹ ቢሮጥ አልፈርድበትም፤ እኔም ከዚያ ድንጋጤ በኋላ የሮጥሁት ወደዚያው ነበር። የተመረተበትን ቀን አይቼ ብገዛውም በ24,000 ኪሎ ሜትር ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ማለትም እኔ ጎማ በምቀይርበት ልክ ላይ፣ ደረሰ። በዛሬው ዋጋ ሲታሰብ ኪሎ ሜትሩ 2 ብር ከ17 ሳንቲም ማለት ነው። አሁን ያለኝ የኮሪያ ጎማ 36,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 4 ወርዷል። በዚሁ ከቀጠለ 3 ላይ የሚደርሰው በ45,000 ነው፤ ኪሎ ሜትሩ 1 ብር ከ87 ሳንቲም። ውድ የመሰለኝ ጎማ ረከሰ። የጃፓኑ ይህን እንዲስተካከል 62,000 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። ገንዘቡ ላለው ሰው ዮኮሃማ ወይም ብሪጅስቶን አይግዛ አልልም፤ እኔ ግን ልዩነቱን፣ 32,000 ብሩን፣ ለፍሬን ሸራና ለአላይመንት አውለዋለሁ።

ለምን 3 ሚሊ ሜትር ላይ እንደምቀይር ብዙዎች ይጠይቁኛል። ጥርሱ ተበልቶ በመካከሉ ካለው ጉብታ ጋር ሲስተካከል የቀረው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው እስከዚያ ይሄዳል የሚሉ ጎሚስታዎች አሉ። ለደረቅ መንገድ ምናልባት። በክረምት ግን ጎማው ውኃውን ገፍቶ የሚያወጣው በጥርሱ ጥልቀት ስለሆነ፣ ጥልቀቱ ሲያንስ መኪናው በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። የዚያን ጊዜ መሪው እንደ ባዶ ይቀልላል። ንፋሱ የጎደለ ጎማም እንዲሁ ቶሎ ይንሳፈፋል፤ ልኩ የሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፏል፣ በግምት አታስሞሉ።

ባለ ትልልቅ ጥርሱን በተመለከተ ከወንድሜ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ቤቱ አያት፣ ሥራው ቦሌ ነው፤ በቀን የሚያገኘው ጭቃ ከግቢው እስከ አስፋልቱ ያለው ብቻ ነው። «ጥርሱ እኮ ይነክሳል» ይላል። ጭቃና ጠጠር ይነክሳል፣ እውነት ነው። እርጥብ አስፋልት ግን የሚነከስ ነገር የለውም። እዚያ ላይ መኪናውን የሚይዘው ለስላሳ ላስቲክና በምላጭ የተበጣ የሚመስለው ቀጫጭን ስንጥቅ ነው። የወንድሜን ጎማ ከእኔው አጠገብ ቁጢጥ ብላችሁ እዩት፤ በእኔው ላይ እያንዳንዱ ጥርስ አራት አምስት ቦታ ተሰንጥቋል፣ በእሱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ። በዚያ ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይጨምራል። ፎር ዊል ስላለኝ ግድ የለም ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው፤ ፎር ዊል ዳገት ያስወጣል እንጂ ፍሬን ሲያዝ አያቆምም። ሥራው በየሳምንቱ ጠጠርና ጭቃ መንገድ የሚያስገባው ሰው ግን ባለ ትልልቅ ጥርሱን ይግዛ፤ ለእሱ ነው የተሠራው።

ሱቅ ውስጥ ስትሆኑ የጎማውን ጎን አንብቡ። «ትራክሽን» ከሚለው ቃል አጠገብ ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይጻፋል፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የመቆም አቅሙን ይነግራችኋል። እኔ ከኤ በታች አልገዛም። «ትሬድዌር» የሚለውን ትልቅ ቁጥር ሻጮች በጣት እየጠቆሙ ያሳያሉ፤ ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ኩባንያ ከሌላው ጋር አታወዳድሩበት። በቢላ እንደገና ጥርስ የተቀረጸለትንና ጥቁር ቀለም የተቀባውን ያገለገለ ጎማ ደግሞ በጣታችሁ ታውቁታላችሁ፤ የቦዩ ወለል ወጣ ገባ ነው፣ ጉብታዎቹም ተቆርጠው ጠፍተዋል።

ገንዘብ አጥሯችሁ ሁለት ብቻ የምትገዙ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ጎሚስታው ከፊት ላድርገው ይላል፤ እሺ አትበሉ፣ እርጥብ መንገድ ላይ የኋላው ከለቀቀ መኪናው ይዞራል። ፎር ዊል ያለው ግን ቢቸግረውም አራቱን አብሮ ይቀይር፤ የጎማዎቹ ቁመት ሲለያይ ኃይል ማስተላለፊያው ይጎዳል፣ የእሱ ጥገና ደግሞ ከጎማው ይበልጣል።

ለአክስቴ ልጅ ሻጩ ካቀረበላት አራት ጎማዎች ሦስቱ አንድ ዓይነት ቀን ነበራቸው፤ አራተኛው ግን ከእነሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ የተመረተ ነው። ለእሱ 1,500 ብር ልቀንስ አላት። በስልክ «አትቀበዪ» አልኋት፤ ከሦስቱ ጋር የሚመሳሰል አራተኛ ከመጋዘን እስኪመጣ ዝናብ ውስጥ አንድ ሰዓት ጠበቀች።